አንድ ቅዳሜ፣ አንድ መጽሐፍ፦ ስለ ኤልጂቢቲኪው የተጻፉ የጥናት መጻሕፍትን በምን እንምረጥ?

ቤታችሁ ሳንሱሲ ነው እንበል። የሶሲዮሎጂ መምህራችሁ «ስለ ኤልጂቢቲኪው ማኅበራዊ ጉዳዮች ከተጻፉ የጥናት መጻሕፍት አንዱን መርጣችሁ ገምግሙ» ብለዋል። ቅዳሜ ጠዋት ታክሲ ያዛችሁ፤ በአስኮ፣ በዊንጌት አድርጋችሁ ስድስት ኪሎ ደረሳችሁ። ያላችሁ ጊዜ አንድ ቀን ነው፤ ያላችሁ ብር ለጥቂት ገጽ ፎቶ ኮፒና ለመመለሻ ታክሲ የሚበቃ ነው። ስልካችሁ ላይ ስድስት ሰባት ርዕስ ጽፋችሁ ይዛችኋል። የቱን ትከፍታላችሁ?

ቶሎ የሚመጡ ሁለት መልሶች አሉ። አንዱ «እኔ ከማስበው ጋር የሚስማማውን» ነው። ሌላው ደግሞ «ሽፋኑ ላይ የትልቅ ዩኒቨርሲቲ ስም ያለበትን» ነው። ሁለቱም አያዋጡም። የመጀመሪያው ቀድማችሁ የምታውቁትን መልሶ ይነግራችኋል። ሁለተኛው ደግሞ ማሰቡን ለማኅተሙ አሳልፋችሁ እንድትሰጡ ያደርጋል። በዚህ ጽሑፍ ሦስተኛ መንገድ እናሳያችኋለን፦ ስህተት ቢኖርበት እናንተ ራሳችሁ ልትደርሱበት የምትችሉትን መጽሐፍ ምረጡ። ነገሩ ግር ሊል ይችላል፤ ቀጥሎ በምሳሌ እናየዋለን።

በቅድሚያ፣ ነገሩ ለምን ይከብዳል?

ኤልጂቢቲኪው የሚለው ምህጻር ሌዝቢያን፣ ጌይ፣ ባይሴክሹዋል፣ ትራንስጀንደርና ኩዊር ከሚሉት ቃላት የተወሰደ ነው። በውስጡ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለዋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አንድ ሰው ማንን እንደሚወድ ይናገራሉ። ትራንስጀንደር የሚለው ግን ሰውየው ራሱን ወንድ ወይስ ሴት አድርጎ ያያል ስለሚለው ነው። ኩዊር ለሁለቱም የሚያገለግል ሰፊ ቃል ነው። ይህን ልዩነት ያዙልን፤ ኋላ ይጠቅመናል።

በአገራችን ጉዳዩ የመጻሕፍት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ ሰዎች መካከል የሚፈጸም ወሲባዊ ድርጊትን በእስራት ያስቀጣል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የሰላምና ጸጥታ ቢሮ ከሕዝብ በደረሰው ጥቆማ ተመሥርቶ እንዲህ ዓይነት ድርጊት ይፈጸምባቸዋል በተባሉ ሆቴሎችና መሰል ቤቶች ላይ እርምጃ እየወሰደ መሆኑን አስታውቋል። በዚያው ሰሞን ማኅበራዊ ሚዲያው የሰዎችን ፎቶና ስም እየለጠፈ «እሱ ነው፣ እሷ ናት» በሚሉ ቪዲዮዎች ተጥለቅልቆ ነበር። የቤተ እምነቶች አቋም ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ ከአንድ መጽሐፍ የወሰዳችሁት አንድ የተሳሳተ ዓረፍተ ነገር ወረቀታችሁ ላይ ብቻ አይቀርም። ሰፈር ይወርዳል፣ ታክሲ ውስጥ ይወራል፣ አንድ ቀን የሆነ ሰው ላይ ያርፋል። ስለሰዎች ሲወራ ትክክለኛ መረጃ መያዝ ለማንም አቋም የሚጠቅም ነው፤ ለሚቃወመውም፣ ለሚደግፈውም፣ ገና ላልወሰነውም።

ጥያቄው ምንድን ነው?

«ስለ ኤልጂቢቲኪው የተጻፈ ምርጥ መጽሐፍ የቱ ነው?» ማለት «ምርጥ መሣሪያ የቱ ነው?» እንደ ማለት ነው። ለመቆፈር ነው ወይስ ለመስፋት? መጻሕፍቱ የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ነው። እስቲ ጥቂቶቹን እንያቸው።

እስጢፋን መሪና ዊል ሮስኮ አርትዖት የሠሩለት «ቦይ-ዋይቭስ ኤንድ ፊሜል ሃዝባንድስ» በ1998 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንደገና ወጣ፤ ይኸኛው እትም በኤሌክትሮኒክ ቅጂ በነፃ ይገኛል። ጥያቄው «በአፍሪካ የተለያዩ ሕዝቦች ዘንድ በተመሳሳይ ፆታዎች መካከል ስለነበረ ግንኙነት ምን የተመዘገበ ነገር አለ?» ነው። የሰበሰበ መጽሐፍ ነው፤ ብዙውን ያገኘው ከሌሎች ጽሑፎች ነው።

ማርክ ኤፕሬክት በ2008 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «ሄትሮሴክሹዋል አፍሪካ?» ጥያቄው ሌላ ነው። «እንዲህ ያለ ነገር አፍሪካ ውስጥ ነበረ ወይስ አልነበረም?» ብሎ አይጀምርም። «አፍሪካ ውስጥ የለም የሚለው ሐሳብ ራሱ ከየት መጣ? ማን ጻፈው?» ይላል። የአውሮፓ ተጓዦችን፣ የቅኝ ግዛት ሐኪሞችን፣ አንትሮፖሎጂስቶችን፣ ኋላ ደግሞ የኤችአይቪ ተመራማሪዎችን ጽሑፎች ይመረምራል። የአንድን ሐሳብ ታሪክ የሚተርክ መጽሐፍ ነው።

የዩጋንዳዋ የሕግ ምሁር ሲልቪያ ታማሌ በ2011 እ.ኤ.አ. ያዘጋጁት «አፍሪካን ሴክሹዋሊቲስ» ከስድስት መቶ ገጽ በላይ ያለው ትልቅ ስብስብ ነው። ጥናትም ግጥምም አለበት፤ ጉዳዩም የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ብቻ አይደለም። ጋብቻ፣ ሕግ፣ ሃይማኖት፣ ጤና ሁሉ ይገኝበታል።

ከአገር ቤት ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሶሲዮሎጂ ምሁር ጌትነት ታደለ አሉ። በ2006 እ.ኤ.አ. በላይደን የአፍሪካ ጥናት ማዕከል የታተመው «ብሊክ ፕሮስፔክትስ» ስለ ደሴ ወጣት ወንዶች፣ ስለ ወሲባዊ ሕይወታቸውና ስለ ኤችአይቪ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከወልደኪዳን አምዴ ጋር ሆነው በአዲስ አበባ ስለሚኖሩ ሌዝቢያን፣ ጌይና ባይሴክሹዋል ሰዎች የጤና ፍላጎትና የሕክምና አጠቃቀም አንድ ጥናት አውጥተዋል። ይህኛው መጽሐፍ አይደለም፤ የጆርናል ጽሑፍ ነው፤ በነፃ ይነበባል።

አያችሁ? ጥያቄያችሁ «ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ እንዲህ ያለ ሰው ሲታመም ምን ይገጥመዋል?» ከሆነ ኤፕሬክት ምንም ቢያምር አይመልስላችሁም። «ድሮስ ምን ነበር?» ከሆነ ደግሞ የጌትነት ጥናት ቦታው አይደለም። ብዙ ጊዜ «ይህ መጽሐፍ መጥፎ ነው» የምንለው ያልተጠየቀውን ጥያቄ ስላልመለሰ ነው።

ማንን ጠይቆ ነው?

ሁለተኛው ነገር ናሙና ነው። አልፍሬድ ኪንሲ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1948 እ.ኤ.አ. ስለ ወንዶች ወሲባዊ ባሕርይ ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፍ ወደ 5,300 የሚጠጉ ነጭ ወንዶችን ቃለ መጠይቅ ተጠቅሟል። ቁጥሩ ብዙ ነው አይደል? ችግሩ ግን ሰዎቹ በዕጣ አልተመረጡም። ፈቃደኛ የሆኑ ናቸው፤ ከእስር ቤት የመጡትም ከድርሻቸው በላይ በዝተው ነበር። መርካቶ አንድ ጥግ ቆሞ ያለፈውን ሁሉ ጠይቆ «የኢትዮጵያ ሕዝብ ግማሹ ነጋዴ ነው» እንደ ማለት ነው። ሺህ ሰው ብትጠይቁም ጥጉ ያው ጥግ ነው።

ኤድዋርድ ላውማንና ባልደረቦቹ በ1994 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት የጠየቀው 3,432 ሰው ብቻ ነው። ከኪንሲ ያነሰ ነው፤ ግን ሰዎቹ ከመላው አሜሪካ በዕጣ የተመረጡ ስለሆኑ የበለጠ ይታመናል። ሌላም ነገር አሳየ። «ከጉርምስና በኋላ ከተመሳሳይ ፆታ ጋር ግንኙነት ፈጽመህ ታውቃለህ?» ሲባሉ አዎ ያሉት ወንዶች 9 በመቶ ገደማ ናቸው። «ራስህን ጌይ ወይም ባይሴክሹዋል ትላለህ?» ሲባሉ ግን አዎ ያሉት 2.8 በመቶ ብቻ ናቸው። ድርጊት፣ ስሜትና ማንነት ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ አንድ መጽሐፍ «ይህን ያህል በመቶ» ብሎ ከጻፈ ወዲያው «የምኑ በመቶ? የየት አገር?» ብላችሁ ጠይቁ። የአሜሪካን ቁጥር ወስዶ ሳንሱሲ ላይ መለጠፍ አይቻልም።

ሁሉም ጥሩ ጥናት በቁጥር የሚሠራ አይደለም። ዶናልድ ዶንሃም የተባለ አንትሮፖሎጂስት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በደቡብ ኢትዮጵያ ከማሌ ሕዝብ ጋር ኖሮ ነበር። በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሂስትሪ፣ ፓወር፣ አይዲኦሎጂ» በሚለው መጽሐፉ «አሽቲሜ» ስለሚባሉ ሰዎች ጽፏል። በአካል ወንድ ሆነው እንደ ሴት የሚለብሱና የሴት ሥራ የሚሠሩ ናቸው። በእሱ ጊዜ ያገኘው አንድ ብቻ ነበር፤ ድሮ ግን ቁጥራቸው ይበልጥ እንደነበርና በማሌ ባህላዊ ንጉሥ፣ በካቲው ቤት ይጠለሉ እንደነበር ተነግሮታል።

ከአንድ ሰው ምን እንማራለን? ስንት እንደነበሩ አንማርም። ግን ማኅበረሰቡ ለእንዲህ ያለ ሰው ስምና ቦታ እንደነበረው እንማራለን፤ ለዚያ አንድ ሰው ይበቃል። መጽሐፉ በኢኮኖሚና በሥልጣን ላይ የሚከራከር እንጂ ስለዚህ ጉዳይ የተጻፈ አይደለም። እንዲያውም ይህ ያምርበታል፤ ጸሐፊው ይህን ነገር ሊያስረዳ ብሎ አልሄደም፣ አጋጠመውና መዘገበው።

የአንድ ቃል ጉዞ

አሁን አማርኛ ተናጋሪ መሆናችሁ የሚጠቅምበት ቦታ ደረስን። ሳይመን ሜሲንግ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1957 እ.ኤ.አ. ስለ ደጋው አማራ ሕዝብ የዶክትሬት ጥናቱን ለፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ አቀረበ። እዚያ ውስጥ፣ በገበሬው ዘንድ እንደ ሴት ስለሚለብሱና ከሴቶች ጋር ስለሚውሉ ወንዶች ጥቂት መስመር አለ። ከአርባ ዓመት በኋላ «ቦይ-ዋይቭስ» ይህን ጠቀሰ። ከዚያ ወዲህ ስለ ኢትዮጵያ የሚጽፍ ሁሉ እሱን እየጠቀሰ ሄደ።

በዚያ መጽሐፍ የነዚህ ወንዶች ስም በላቲን ፊደል ተጽፎ ሲነበብ «ወንዳርወረድ» ይላል፤ ትርጉሙም «ወንድ-ሴት» ነው ተብሏል። እናንተስ ምን አላችሁ? «ወንዳርወረድ» የሚባል ቃል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኛም አልሰማንም። ግን ቀስ ብላችሁ ድምፁን አዳምጡት። ወንዳገረድ! ወንድ እና ገረድ፤ ልጃገረድ ውስጥ ያለችው ገረድ። ትርጉሙም ልክ «ወንድ-ሴት» ይሆናል። በየትኛው እጅ እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ፊደል የተሳተ ይመስላል። ስህተቱም ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ሳይታረም ተገለበጠ፤ ገልባጮቹ አማርኛ አያውቁምና።

ይህ ትንሽ የፊደል ስህተት ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ አሥር መጽሐፍ አንድ ነገር ሲል አሥር ማስረጃ አለ ማለት አይደለም። አሥሩም ከአንድ ምንጭ ቀድተው ሊሆን ይችላል። የግርጌ ማስታወሻውን ተከትላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ፤ የመጀመሪያው ሰው ማን ነው? ዓይቶ ነው ወይስ ሰምቶ?

ሁለተኛ፣ የቃሉን ትርጉም አስቡት። ወንዳገረድ ስንል የምንናገረው ስለ ሰውየው ሁኔታ፣ ስለ አነጋገሩ፣ ስለ አለባበሱ ነው። ማንን እንደሚወድ ቃሉ አይነግረንም። ወንዳወንድ የምንላት ሴትም እንዲሁ ናት፤ ኳስ ትጫወታለች፣ ድምፅዋ ይጎረናል፣ ቀሚስ አትወድም፤ ስለ ፍቅሯ ግን ያልነው ነገር የለም። ስለዚህ «ቃሉ ስላለ የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር በአማራ ገበሬ ዘንድ የታወቀ ነበር» ብሎ መደምደም ዝላይ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ «ከፆታ ሥርዓቱ ወጣ ያለ ሰው በእኛ ዘንድ አይታወቅም፤ ዛሬ ከኢንተርኔት የመጣ ነው» የሚለውም አያስኬድም። የራሳችን ቋንቋ ለእንዲህ ያለው ሰው ኢንተርኔት ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት ስም አውጥቷልና። አንድ ቃል ሁለቱንም ወገን ቆም ብለህ አስብ ትላለች።

አንድ ገድል፣ ሁለት ንባብ

የምሁራን ክርክር እንዴት እንደሚነበብ ለመማር ከጣና የተሻለ ቦታ የለም። ወለተ ጴጥሮስ ከ1592 እስከ 1642 እ.ኤ.አ. የኖሩ ቅድስት ናቸው። ዐፄ ሱስንዮስ ወደ ካቶሊክ ሲገቡ ተቃውመው የቆሙ፣ በጣና ዙሪያ የገዳም ማኅበር የመሠረቱ ናቸው። ካረፉ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ1672 እ.ኤ.አ.፣ ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ገድላቸውን በግዕዝ ጻፈ።

በ2015 እ.ኤ.አ. ዌንዲ ቤልቸርና ሚካኤል ክላይነር ገድሉን ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አሳተሙ። በዓመቱ ቤልቸር አንድ የጆርናል ጽሑፍ አወጡ። ቅድስቲቱ ከእኅተ ክርስቶስ ጋር የነበራቸውን የዕድሜ ልክ ቅርበት፣ እንዲሁም ስለ ወጣት መነኮሳይያት የሚናገር አንድ አጭር ክፍል ወስደው፣ በሴቶች መካከል ስለነበረ ፍቅርና ምኞት የሚናገሩ አድርገው አነበቡት። ብዙ ኢትዮጵያውያን ተቆጡ። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአውስትራሊያ የሚያስተምሩት ይርጋ ገላው ወልደየስ ረዘም ያለ የጥናት ትችት አሳተሙ። ትርጉሙ የግዕዙን ቃላት አዛብቷል፣ ገድሉን ከቤተ ክርስቲያኑ ትውፊት ነጥሎ በምዕራባውያን መነጽር አንብቦታል ሲሉ ተከራከሩ።

ታዲያ የቱን እንምረጥ? እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ወገን እንይዛለን። «የፕሪንስተን ምሁር ያውቃሉ» እንላለን፤ ወይም «የአገሬ ልጅ ያውቃል» እንላለን። ሁለቱም መልስ ገድሉን አልከፈተም። የተሻለው ጥያቄ ይህ ነው፦ ክርክሩ የቆመው በምን ላይ ነው? የቆመው በጥቂት የግዕዝ ቃላት ትርጉም ላይ፣ «መዋደድ» የሚለው ነገር በአንድ የ17ኛው መቶ ዘመን ገዳም ምን ማለት ነበር በሚለው ላይ ነው። የግዕዙን ጽሑፍ ጣሊያናዊው ኮንቲ ሮሲኒ በ1912 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። ማለትም ክርክሩ ሊመረመር ይችላል። አብነት ትምህርት ቤት የገባ ወንድም ወይም ጎረቤት ያለው የሳንሱሲ ልጅ፣ ከብዙ የውጭ አገር ተማሪ ይልቅ ለዚህ ምርመራ ቅርብ ነው። አጎታችሁ ቅኔ ቆጥረው ከሆነ ደግሞ በቃ፣ አንድ ቡና ጋብዟቸውና ቃሉን በቃል አስረዱኝ በሏቸው።

ሁለቱንም ካነበባችሁ በኋላ ምናልባት ወደ አንዱ ታጋድሉ ይሆናል። ችግር የለውም። ግን ያን ጊዜ «እንዲህ ያልኩት በዚህ ቃል ምክንያት ነው» ማለት ትችላላችሁ። የወገን ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የማስረጃ ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

ዓመቱን እዩ

የመጽሐፍ ጀርባ ላይ ያለችውን የኅትመት ዓመት አትዝለሏት። አንድ ታሪክ እነሆ። ሮበርት ስፒትዘር አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ነበር። በ1973 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን ከአእምሮ ሕመሞች ዝርዝር ሲያወጣ ትልቅ ሚና ነበረው። በ2003 እ.ኤ.አ. ግን በሕክምና «ተለወጥን» ያሉ 200 ሰዎችን በስልክ ጠይቆ፣ አንዳንድ ሰው ሊለወጥ ይችላል የሚል ጥናት አወጣ። ብዙዎች ጠቀሱት። በ2012 እ.ኤ.አ. ራሱ ይቅርታ ጠየቀ። ሰዎቹ የተናገሩት እውነት ይሁን አይሁን ማረጋገጫ መንገድ አልነበረኝም፣ ጥናቱ የሚለውን ያህል አይናገርም አለ።

እንግዲህ በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ መጽሐፍ ስፒትዘርን ቢጠቅስ ጸሐፊው አላጭበረበረም፤ ይቅርታው ገና አልመጣም ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ መጽሐፍ ይቅርታውን ሳያነሳ ቢጠቅሰው ግን መጽሐፉን ጎን አድርጉት። ወይ አላነበበም፣ ወይ ደብቋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከሕመም ዝርዝሩ ያወጣው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የተጻፈ የሕክምና መጽሐፍ ስትይዙ ይህን አስታውሱ።

ለኢትዮጵያ ሕግም ቀላል ዘዴ አለ። መጽሐፉ አንቀጽ 600ን ከጠቀሰ ስለ 1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው የሚያወራው። አንቀጽ 629ን ከጠቀሰ ስለ 1996ቱ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የተጻፈ ሆኖ «ዛሬ የሚሠራው አንቀጽ 600 ነው» የሚል ካገኛችሁ፣ ጸሐፊው ሕጉን ሳይሆን የሌላ ሰው መጽሐፍ ገልብጧል።

«አፍሪካ» ሲል እኛን ይጨምራል?

ብዙ መጻሕፍት «በአፍሪካ እነዚህን ሕጎች ያመጡት ቅኝ ገዢዎች ናቸው» ይላሉ። ለዩጋንዳ፣ ለኬንያ፣ ለናይጄሪያ በአብዛኛው ልክ ነው፤ እንግሊዝ በቅኝ ግዛቶቿ ያወጣቻቸው ሕጎች ዝርያ ይታያል፤ ከሚጠቀሱት ቀዳሚው በ1860 እ.ኤ.አ. ለሕንድ የተጻፈው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 377 ነው። እኛ ግን? የ1949ኙን ሕግ ያወጀው የራሳችን መንግሥት ነው። ረቂቁን ያዘጋጀው ግን ዣን ግራቨን የተባለ የስዊዘርላንድ የሕግ ምሁር ነበር። የሚገርመው፣ ስዊዘርላንድ ራሷ በ1942 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ በዋለው ሕጓ በፈቃደኛ አዋቂዎች መካከል የሚፈጸመውን መቅጣት ትታ ነበር። ስለዚህ «ቅኝ ገዢ ጫነብን» የሚለው ለእኛ አይገጥምም። «ሕጉ ከውጭ ምንም ንክኪ የለውም» የሚለውም አይገጥምም። ስለ አፍሪካ በጅምላ የተጻፈ ስትይዙ፣ ከኋላ ባለው የቃላት ማውጫ «ኢትዮጵያ»ን ፈልጉ። ስንት ገጽ አለ? ሁለት መስመር ከሆነ መጽሐፉ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ስለ እኛ ግን መልስ አልያዘም።

እንግዲህ ቅዳሜያችሁ

ወደ ስድስት ኪሎ እንመለስ። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ሃያ ደቂቃ ስጡት፤ ሙሉውን አታንብቡ።

መጀመሪያ መግቢያውን አንብቡና ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጻፉት። መጻፍ ካልቻላችሁ ወይ መጽሐፉ ጥያቄ የለውም፣ ወይ ገና አልገባችሁም። ቀጥሎ ማንን እንደጠየቀ ወይም ምን እንዳነበበ የሚናገረውን ክፍል ፈልጉ። ከዚያ ስለ ኢትዮጵያ የሚያወራበትን አንድ ገጽ ክፈቱና የግርጌ ማስታወሻውን ተከተሉ። ዓመቱን እዩ። በመጨረሻ ጸሐፊው የማይስማማበትን ሰው እንዴት እንደሚጠቅስ ተመልከቱ፤ ተቃዋሚው ራሱ «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» በሚልበት መንገድ ይጠቅሰዋል ወይስ አሻንጉሊት ሠርቶ ይመታዋል? ደግሞ ማስታወስ ያለባችሁ፦ የአቻ ግምገማ ያለፈ መጽሐፍ ሁሉ ልክ ነው ማለት አይደለም። ወንዳገረድን ያሳለፉትም አቻዎች ናቸው።

«እሺ፣ ግን የቱን?» ካላችሁን፣ እኛ ብንሆን እንዲህ እናደርጋለን። ጥያቄው ስለ ዛሬዋ አዲስ አበባ ከሆነ የጌትነትና የወልደኪዳንን ጥናት እንይዛለን፤ አጭር ነው፣ ነፃ ነው፣ የሚናገረውም ስለዚህችው ከተማ ነው። «ከባህላችን ውጭ ነው ወይስ አይደለም?» ለሚለው ክርክር ኤፕሬክትን እንወስዳለን፤ ከሁለቱም ወገን የሚሰማውን መፈክር ወደ ታሪኩ ይመልሰዋልና። «ቦይ-ዋይቭስ»ን እንደ ማውጫ እንጂ እንደ መጨረሻ ቃል አንጠቀምበትም። ቤልቸርንና ይርጋን ደግሞ አንዱን ካለ ሌላው አናነብም።

ማታ ታክሲው በአስኮ በኩል ወደ ሳንሱሲ ሲመልሳችሁ፣ ከኋላ ወንበር አንዱ ስለዚሁ ጉዳይ ጮክ ብሎ ሲያወራ ትሰሙ ይሆናል። «ተጠንቷል! በመጽሐፍ ላይ አለ!» ይላል። ምናልባት አለ። መከራከር የለባችሁም፤ ሁሉም ቦታ ለክርክር አይመችም። ግን በልባችሁ «የቱ መጽሐፍ? ማንን ጠይቆ? መቼ?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ከዚያ ታክሲ ውስጥ ካሉት ሰዎች አንዱ፣ ዝም ብሎ በመስኮት የሚያየው፣ ወሬው ስለ እሱ ሊሆን ይችላል። በማስረጃ መጠንቀቅ ለእሱም አክብሮት ነው።